መብራት ለውድድር ከመከፈቱ በፊት ተቆጣጣሪው ምን ይማር?

የቱሉ ዲምቱው፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ትንሽ ይረዝምባችኋል፣ ታገሱኝ።

በአንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ባለሙያ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ የሙከራ ጊዜዬን ከጨረስኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለ ሽቦ የማውቀው ነገር ቢኖር እንደማይነካ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ጠሩኝና "የኤሌክትሪክ ገበያው አንድ ቀን ለውድድር ቢከፈት ተቆጣጣሪው ከወዲሁ ምን ተምሮ ይጠብቅ የሚለውን ሁለት ገጽ አድርገህ አምጣልኝ" አሉኝ። እስከ ሐሙስ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ስፈልግ ያገኘሁት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ገለልተኛ ተቋም፣ ግልጽነት፣ አቅም ግንባታ። ይህንኑ ገልብጬ ብሰጣቸው ምንም አይሉኝም ይሆናል። ግን ለእኔ ራሴ ያልገባኝን ነው የምጽፈው።

የሚገርማችሁ፣ ነገሩ ትንሽ የገባኝ ቢሮ ሳይሆን ቤቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ወረድ ብሎ ያለ ግቢ ውስጥ ነው የተከራየሁት። አራት ተከራይ ነን፣ አከራያችን እትዬ አምስተኛ። ቆጣሪው ግን አንድ ነው። አንደኛዋ ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች፣ ምጣዷ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ይግላል። እኔ ያለኝ አንድ አምፖል፣ ስልክና ላፕቶፕ ነው፤ ሽሮዬን እንኳ የምሠራው በቡታጋዝ ነው። ወር ሲሞላ ቢሉ ለአምስት ይካፈላል። እኩል። ቅር ያለው ሰው አቤት የሚለው ለማን ነው? ለእትዬ። የሚሸጡልን እሳቸው፣ ቆጣሪ የሚያነቡት እሳቸው፣ የሚፈርዱትም እሳቸው። ደግ ሴት ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። ግን አያችሁት አይደል?

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። ውድድር ሲባል በትክክል የሚወዳደረው ምኑ ነው? ደጃፌ ላይ ሁለተኛ ምሰሶ ሊተከል ነው? ተቆጣጣሪ የሚባለው ሰውስ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው? የሌላ አገር ልምድ የምታውቁ ንገሩኝ፣ በተለይ የከሸፈውን።


ቀልደኛው፦

መጀመሪያ መብራቱ ይምጣ፣ ከዚያ እንወዳደራለን ሃሃ።


ጡረተኛው (ዓለም ገና)፦

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅክ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሽቦ ጋር ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ከሽቦው ልጀምርልህ።

ሁለተኛ ምሰሶ አይተከልም። መብራት የምንለው አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ አራት ነው። ማመንጨት አለ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፍ አለ፣ ቮልቴጁ ከሚወርድበት ጣቢያ፣ ከሰብስቴሽን፣ እስከ ቤትህ ማከፋፈል አለ፣ ከዚያ መሸጥ አለ። የሚወዳደሩት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ናቸው። መካከል ያሉት ሁለቱ መንገድ ናቸው። ከቃሊቲ ሳሪስ ለመሄድ አምስት ታክሲ ይወዳደራል፣ አምስት አስፋልት ግን አይነጠፍም። ውድድር ባለበት አገር ሻጩ አንድም ምሰሶ ላይኖረው ይችላል። ከአመንጪ በጅምላ ይገዛል፣ ለሽቦው ኪራይ ይከፍላል፣ ለአንተ በችርቻሮ ይሸጣል። የተቆጣጣሪው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ያቺን የሽቦ ኪራይ መተመን ናት። ከበዛች አዲስ ገቢው ከበር ይመለሳል፣ ካነሰች ሽቦው ሳይጠገን ያረጃል።

እኛ ጋ ምን አለ? በ1948 ዓ.ም. ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፣ በ1989 ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በ2006 ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያከፋፍላል፣ ይሸጣል። ልብ በል፣ መንገዱና ታክሲው አሁንም በሁለቱም ቤት አንድ ላይ ናቸው። ይህ ስድብ አይደለም፣ በብዙ አገር እንዲህ ነው የነበረው። ግን ውድድር ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ ሒሳባቸው መለየት አለበት። አንድ ሚሊዮን ብር ለግድብ ጥገና ነው የወጣው ወይስ ለመስመር? ያንተ መሥሪያ ቤት ይህን ከመዝገብ አንብቦ መለየት ካልቻለ የሽቦውን ኪራይ በምን ይተምነዋል? በግምት ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከወረቀትህ አንደኛው ነገር ይሄ ይሁን፦ ከኢኮኖሚስት በፊት ጥሩ የሒሳብ ሰው ቅጠሩ። ሠርግ ላይ የማትጋብዘው ዓይነት፣ ደረሰኝ የሚያገላብጥ ሰው።

ሁለተኛው ደግሞ ቅር እንዳይልህ። አንድ ሌሊት ሄደህ የጭነት ማከፋፈያ ማዕከል፣ ማለትም የአገሩ ኃይል የሚታዘዝበት ክፍል ውስጥ ፈረቃ አብረህ ተቀመጥ። ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይጠብቅህም። የሚመነጨውና የሚበላው በየሰከንዱ እኩል መሆን አለበት። እኛ አገር ድግግሞሹ፣ ሞገዱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ማለቴ ነው፣ 50 ኸርዝ ነው፣ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ ታየዋለህ። 49.9፣ 50.1፣ እንዲህ እያለ ይተነፍሳል። ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ አገሩ ሁሉ መብራት ሲያበራ፣ ምጣድ ሲሰካ፣ ቁልቁል ይጎተታል። ያኔ ባለፈረቃው ስልክ ያነሳና አንዱን ጣቢያ "ጨምር" ይለዋል። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ነገ የግል አመንጪ ሲመጣ ባለፈረቃው ማንን ነው መጀመሪያ የሚጠራው? የራሱ መሥሪያ ቤት ጣቢያና የባዕዱ ጣቢያ እኩል ቢሆኑ? ባዕዱ ርካሽ ሆኖ የራሱ ውድ ቢሆንስ? ደንቡን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ያን ወንበር ሳያዩ የተጻፈ ደንብ ብዙ አይቻለሁ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አይከፍተውም።


የቱሉ ዲምቱው፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የታክሲውን ምሳሌ ለአለቃዬ ልነግራቸው ነው፣ ሰረቅኩዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ተቆጣጣሪው ዋጋውን ራሱ ነው የሚወስነው?


ጡረተኛው (ዓለም ገና)፦

በኢነርጂ አዋጁ፣ በ810/2006 ማለቴ ነው፣ ተቆጣጣሪው የብሔራዊ ግሪዱን፣ የአገር አቀፉን የመስመር መረብ፣ ታሪፍ መርምሮ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የሚያጸድቀው መንግሥት ነው። አሁን ከነዳጁ ጋር ተጣምሮ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። ከ1998 እስከ 2011 ታሪፉ ሳይነካ የቆየውም ዋጋ ፖለቲካም ስለሆነ ነው። ዳኛው ፊሽካ ቢኖረውም ቢጫ ካርዱ ከሌላ ሰው ኪስ ነው የሚወጣው። ይህን ጻፈው፣ በትህትና።


ሌጎስ ደርሶ መልስ፦

የከሸፈውን ንገሩኝ ስላልክ እኔ ነኝ የምፈለገው። ናይጄሪያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ በሌላ ሥራ ነው ግን መብራቱን ከተጠቃሚ በላይ ማን ያውቀዋል።

እነሱ ሕጉን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፣ ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑም ያኔ ተቋቋመ። ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ ደግሞ 11 አከፋፋዮችና 6 አመንጪዎች ለግል ተላለፉ። አከፋፋዮቹን 60 በመቶ ባለሀብት ያዘ፣ 40 በመቶ መንግሥት ጋ ቀረ። በወረቀት ላይ ምን የመሰለ ነገር ነው። የጠፋው አንድ ነገር ነበር፦ ሰው የሚገዛውን ዕቃ አልቆጠረውም። ስንት ደንበኛ አለ? ስንቱ ቆጣሪ አለው? ከሚላከው ኃይል ስንቱ መንገድ ላይ ይቀራል? የተገመተው ብክነት ሌላ፣ ገብተው ያገኙት ሌላ። ታሪፉ የተሠራው ደግሞ በተገመተው ላይ ነው። አከፋፋዩ ከደንበኛው የሚሰበስበው አነሰው፣ ስለዚህ ለአመንጪው ሙሉ አልከፈለም፣ አመንጪው ለጋዝ አቅራቢው አልከፈለም፣ ዕዳው እንደ ዕቁብ እየዞረ መጨረሻ ላይ መንግሥት ደጅ ቆመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

ቆጣሪ ለሌለው ሰው ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ፣ በግምት ቢል ይልካሉ። "ያበደ ቢል" ይሉታል እዚያ። የተከራየሁባት አሮጊት ሦስት ሳምንት መብራት በጠፋበት ወር ከበፊቱ የበለጠ ቢል መጣላቸው። ወረቀቱን ይዘው በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ዝም ብለው ያዩት ነበር፣ አሁንም ፊታቸው ትዝ ይለኛል። በ2024 ደግሞ በቀን ቢያንስ 20 ሰዓት መብራት ያገኛል ለተባለው ደንበኛ አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት 225 ናይራ አስገቡት፣ አገሩ ተንጫጫ።

እና ወንድሜ፣ ያንተ ግቢ ትንሿ ናይጄሪያ ናት። ቆጣሪ ሳይኖር ስለ ፍትሐዊ ዋጋ ማውራት ውሃ ወቀጣ ነው። ቀናሽ ቆጣሪ አስገቡ፣ የየቤቱን ፍጆታ ለብቻ የሚቆጥረውን።

ዩጋንዳም አለች፣ እሷ ግን ለየት ትላለች። ማከፋፈሉን ለአንድ ኩባንያ ለ20 ዓመት ሰጡት፣ ከ2005 እስከ 2025። ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ብክነት ከ20 በታች ወረደ፣ ይህን መካድ አይቻልም። ሲለያዩ ግን "ለኢንቨስትመንቴ ስንት ቀረኝ" በሚለው ተጣሉ። መንግሥት 118 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፣ ኩባንያው አይበቃኝም ብሎ ወደ ለንደን ግልግል ሄደ። ተቆጣጣሪው በየዓመቱ ምሰሶና ትራንስፎርመሩን እየቆጠረ ዋጋውን ባያጸድቅ ኖሮ ጭቅጭቁ ከዚህም ይብስ ነበር። ውል ስትፈርም ፍቺውን አስበህ ፈርም ይላሉ።


የኮዬዋ፦

እኔ እንጀራ ጋጋሪ ነኝ፣ ኮዬ ፈጬ። ከላይ ስለ ምጣድ ስትጽፉ ዝም ማለት አቃተኝ። የቱሉ ዲምቱው ወንድሜ፣ ጎረቤትህን እንዳታስቀይማት፣ አንድ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት ተኩል እስከ አራት ይወስዳል፣ ይገባኛል። ግን እሷም ሌሊት የምትነሳው ወዳ አይደለም። ጠዋት ሰው ሁሉ ሲሰካ ኃይሉ ይደክማል፣ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ዓይን ያላወጣ እንጀራ ደግሞ ሱቅ አይቀበልህም።

ስለ ዋጋ ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ ትንሽ ጨምሬ ብከፍል ግድ የለኝም፣ ሊጥ አቡክቼ ከጠፋ ግን የዛሬው ገንዘቤ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ደብተር አለኝ። በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ ሲመጣም እጽፋለሁ። ልጄ ሳቀችብኝ፣ "ለማን ልታሳዪው ነው?" ብላ። እውነቷን ነው፣ ለማን ነው የማሳየው?

ውድድር መጣ አልመጣ፣ ያ ተቆጣጣሪ የምትሉት ሰው የእኔን ደብተር ያነባል ወይ? የኔ ጥያቄ ይህች ናት።


ጡረተኛው (ዓለም ገና)፦

እህቴ፣ ደብተርሽ በሙያው ስም አለው። አንድ ደንበኛ በዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ ጠፋበት የሚለው አንድ ቁጥር ነው፣ በድምሩ ስንት ሰዓት ጠፋበት የሚለው ሌላ ቁጥር። በብዙ አገር ተቆጣጣሪዎች አከፋፋዩን በእነዚህ ሁለቱ ይለኩታል፣ ከተባለው ካለፈ ከገቢው ይቀንሱበታል። ክፋቱ፣ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የሚያመጣው ራሱ የሚለካው ድርጅት ነው። ተማሪ የራሱን ፈተና አርሞ እንደማምጣት በይው። ባንቺ ዓይነት ሰው ሳሎን ውስጥ ትንሽ መመዝገቢያ መሣሪያ ሰክተው የሚያመሳክሩ አገሮች አሉ። ደብተሩን አታቁሚ።


አንቴና፦

እኔ ከቴሌኮሙ በኩል ነኝ። እዚህ አገር ሞኖፖል ሲከፈት ያየነው አንድ ትልቅ ምሳሌ ስላለ ማንም ሳያነሳው መቅረቱ ገረመኝ።

የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አዋጅ የወጣው ነሐሴ 2011 ነው። ፈቃዱ ለሳፋሪኮም የተሰጠው ግንቦት 2013፣ 850 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ። አዲስ አበባ ላይ ሲሙን ያወጡት መስከረም 2015 ነው። ቁጠሩት፣ ዳኛው ከተወለደ ሁለተኛው ተጫዋች ሜዳ እስኪገባ ሦስት ዓመት። በዚያ መካከል ነው መመሪያዎቹ የተጻፉት፦ አንዱ ከአንዱ ጋር እንዴት ይደዋወል፣ ታወር እንዴት ይጋራ፣ ገበያውን የያዘው ትልቁ ምን አይፈቀድለትም። ለሁለት ኩባንያ ነበር የታሰበው፣ አንዱ ፈቃድ ብቻ ነው የተሰጠው። ስለዚህ አለቃህ "ስንት ጊዜ ይፈጃል" ካሉህ ሦስት ዓመት ለቴሌ፣ ለመብራት ጨምርበት በላቸው።

ለምን ጨምርበት አልኩ? ቴሌ ላይ መንገድ ሲጠብብህ የራስህን ታወር ትተክላለህ። ውድ ነው ግን ይቻላል። መብራት ላይ ጋሼ እንዳሉት መንገዱ አንድ ነው፣ ባለመንገዱ ከጠላህ አለቀልህ።

ከዚህ ሌላ አንድ ማንም የማይጽፈውን ልጨምር። ስልጠና ለሁለት ሳምንት ተሂዶ ሰርተፍኬት ተይዞ ይመጣል። ሰዎቹ ጎበዞች ናቸው። ከዚያስ? ዓመት ሳይሞላ ጎበዙን የሚቆጣጠረው ኩባንያ በእጥፍ ደመወዝ ይወስደዋል። ያሠለጠንከው ለተቃራኒ ቡድን ነው። ደመወዙን ማስተካከል ነው፣ ካልሆነም ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ እዚያ አትቀጠርም የሚል ግዴታ ማስፈረም። ሁለቱም ከሌለ አቅም ግንባታ የሚባለው ለሌላ ሰው ቤት መሥራት ነው።


ውሃ ለካ፦

ኢኮኖሚክስ የተማርክ ስለሆንክ ለአንተ በቋንቋህ ላውራህ። ገበያ ከፍተህ ዋጋው ራሱ ይስተካከላል ብለህ እንዳትተኛ። ካሊፎርኒያን አንብብ። የጅምላውን ዋጋ ለቀቁት፣ የችርቻሮውን አሰሩት፣ አከፋፋዮቹ ደግሞ ኃይሉን ከዕለት ገበያ እንዲገዙ ገፏቸው፣ ረጅም ውል እንዳይዙ። እ.ኤ.አ. በ2000 የጅምላው ዋጋ ሲተኮስ በውድ ገዝተው በርካሽ ይሸጡ ነበር። ትልቁ አከፋፋይ በኤፕሪል 2001 ኪሳራ አወጀ። ኤንሮን የሚባለው የኃይል ነጋዴ ኩባንያ ደግሞ ገበያውን በተንኮል ሲያጣምም እንደነበር በኋላ የራሱ ሠራተኞች የስልክ ቅጂ ሲወጣ ታየ። በሀብታም አገር፣ ብዙ ባለሙያ ባለበት። ተቆጣጣሪዎቹ ሕጉን ያውቁት ነበር፣ የነጋዴውን ጨዋታ ግን የገባቸው ከረፈደ ነው።

እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1990 ስትከፍት ቁጥሩ የማይበቃ ተወዳዳሪ ነበር የሠራችው። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን የሚወስኑት ሁለት አመንጪዎች ነበሩ። በ1994 ተቆጣጣሪው 6,000 ሜጋ ዋት ያህል ጣቢያ ለሌላ እንዲለቁ አስማማቸው። ለማስማማት ጥርስ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እኛ ና። ከሚመነጨው ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ህዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት፣ 13 ተርባይን። ከጎኑ አንድ ባለ 100 ሜጋ ዋት የግል የንፋስ ጣቢያ አቁመህ "ተወዳደሩ" ብትላቸው ዝሆንና ፍየል ማሰለፍ ነው። የውሃ ነገር ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። ነፋስ ሲመጣ ትጠቀምበታለህ፣ ውሃ ግን ልታቆየው ትችላለህ። ባለግድቡ ዛሬ ቢይዘው ዋጋ ይጨምራል፣ ቢለቀው ይወርዳል። እና "ለምን ያዝከው?" ስትለው "ክረምቱ እንዳይከዳኝ ነው" ቢልህ፣ እውነቱን ይሁን ውሸቱን በምን ታውቃለህ? የዝናብና የጎርፍ መዝገብ የሚያነብ ሰው ቢሮህ ውስጥ ከሌለ አታውቅም። የውሃ ሰው ቅጠሩ። የመብራት ተቆጣጣሪ ውስጥ የዝናብ ባለሙያ ሲባል ሰው ይስቃል፣ ለእኛ ግን ከጠበቃ ይቀድማል።

ተስፋ አስቆራጭ ብቻ እንዳልሆን፣ ኖርዌይ አለች። እሷም ከሞላ ጎደል በውሃ ነው የምትኖረው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈተች፣ በ1992 የመንግሥቱን ድርጅት ለሁለት ሰንጥቃ አንዱ አመንጪ፣ አንዱ የመስመር ባለቤት አደረገችው። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው እስከ ዛሬ። ይህንን አስምርበት፣ እዚህ አገር ውድድር ሲባል ሰው ሁሉ "ሊሸጡት ነው" ብሎ ይደነግጣል። ሌላ ነገር ነው።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ለጅቡቲ እንሸጣለን፣ ለኬንያ በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ በሚነሳው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር እንሸጣለን፣ መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። እያንዳንዱ ሽያጭ ዋጋ አለው፣ ቅጣት አለው፣ መስመሩን ማን በስንት ይጠቀም የሚል ነገር አለው። አገር ውስጥ ሳትከፍት እዚያ ላይ ትማራለህ። ከዚያ ለአንድ ዓመት የወረቀት ገበያ አጫውቱ። ጣቢያዎቹ በየቀኑ የነገ ዋጋቸውን ያቅርቡ፣ ዋጋ ይውጣ፣ ግን ማንም አይክፈል። ጅሉ ሁሉ በወረቀት ላይ ይሳሳት።

የግል አመንጪው ደግሞ የሚበደረው በዶላር ነው፣ የሚሸጠው በብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ከተለቀቀ በኋላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። አደጋውን ማን ይሸከመው የሚለው ካልተጻፈ ማንም ጨረታ ውስጥ አይገባም፣ ከገባም ፍርሃቱን ዋጋ ውስጥ ጨምሮ ነው።


የቱሉ ዲምቱው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሙስ ሰጠሁ። አለቃዬ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሰረዙት፣ "ግልጽነትና ተጠያቂነት" የሚለውን ነው፣ ታክሲውን አልነኩትም። ከጎኑ በእስክሪብቶ "የሌሊት ፈረቃው መቼ ነው?" ብለው ጻፉ። የኮዬዋ እህቴ፣ ደብተርሽን ስም ሳልጠራ ጽፌዋለሁ፣ እንደማትቀየሚኝ አምናለሁ።


የኮዬዋ፦

ኧረ ጥራኝ፣ ምን ችግር አለው። እንጀራም ይታዘዘኝ ይሆናል ሃሃ።


የቱሉ ዲምቱው (ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ)፦

ይህ ክር ሞቷል ግን መንገር አለብኝ።

ቀናሽ አስገባን። አምስት። እትዬ መጀመሪያ "አላመናችሁኝም ማለት ነው" ብለው ሦስት ቀን ኩርፊያ ነበር፣ የኋላ ኋላ ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ለምና አስታረቀች። ከዚያ ማን ያንብበው በሚለው ተጨቃጨቅን። እትዬ እኔ አሉ፣ የምጣዷ ጎረቤቴ አይሆንም አለች፣ እኔም አይሆንም አልኩ። መጨረሻ ላይ የጎን ግቢ ልጅ፣ 8ኛ ክፍል ናት፣ ወር በገባ በ30 ማታ በስልኳ ባትሪ እያበራች ታነባለች፣ ወረቀቱን ሽንት ቤቱ በር ላይ ትለጥፋለች። ሁሉም የሚያልፍበት ቦታ ነው። ለወር 50 ብር እናዋጣላታለን።

የመጀመሪያው ወር ውጤት በኪሎ ዋት ሰዓት፦ ምጣዷ 388፣ እትዬ 96፣ ባልና ሚስቱ 61፣ ሌላው ተከራይ ልጅ 17፣ እኔ 9። ዘጠኝ! ስንት ወር ከምጣዱ ጋር እኩል ስከፍል ኖሬ። ጎረቤቴ አሳዘነችኝ፣ ፊቷ ጠቆረ። እንጀራው ላይ ሁለት ብር ልትጨምር ነው።

ችግሩ ግን ይሄ አይደለም። የአምስታችን ድምር 571 ነው። ዋናው ቆጣሪ 612 ይላል። 41 ኪሎ ዋት ሰዓት የት ሄደ? እትዬ "እናንተው ተካፈሉት" ይላሉ፣ ልጁ "አልከፍልም" ይላል፣ የ8ኛ ክፍሏ ልጅ ደግሞ እኔ በትክክል ነው ያነበብኩት ብላ ልታለቅስ ነው።


ሌጎስ ደርሶ መልስ፦

እንኳን ደህና መጣህ፣ ብክነት የሚባለውን ነገር አገኘኸው።


ጡረተኛው (ዓለም ገና)፦

ልጅቱን ተዋት፣ በትክክል ነው ያነበበችው። በሩ ላይ የውጭ አምፖል አለ?


የቱሉ ዲምቱው፦

አለ ጋሼ። ትልቁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ሌባ ፈርተን ነው።


ጡረተኛው (ዓለም ገና)፦

ባለ 100 ዋት ከሆነ፣ በ12 ሰዓት፣ በ30 ቀን፣ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት። ከየትኛው ወገን ነው የተሳበው፣ ከቀናሽ በፊት ወይስ በኋላ?


የቱሉ ዲምቱው፦

ወጥቼ አየሁት። ከዋናው ነው፣ ከማንኛችንም ቀናሽ አያልፍም። 36ቱን ለአምስት እንካፈላለን ብለን ተስማማን።

5ቷስ?


ጡረተኛው (ዓለም ገና)፦

ሽቦው ስንት ዓመቱ ነው?